ጳውሎስም ፈርቶ ነበር

የንባብ ክፍል፦ የሐዋርያት ሥራ 18፥1-17

የዛሬው ትምህርት የተነሣው ከአንድ ስልክ ነው። በአንድ የአረብ አገር በሰው ቤት የምትሠራ እህት ደወለችልኝ። መታጠቢያ ቤት ገብታ ውኃ ከፍታ ነው የምታወራው፤ ድምፅዋ በውኃው መካከል በጭንቅ ይሰማል። «ፓስተር፣ መጽሐፍ ቅዱሴን ከሻንጣዬ አግኝተው ወሰዱብኝ። አሁን ስጸልይ ሁሉ በሩ የሚከፈት ይመስለኛል። እፈራለሁ። እምነት የለኝም ማለት ነው?»

እኔም ቸኮልኩ። 2ኛ ጢሞቴዎስ 1፥7ን ጠቅሼ እግዚአብሔር የፍርሃትን መንፈስ እንዳልሰጠን ነገርኳት። «እሺ ፓስተር» ብላ ዘጋችው። ያ «እሺ» እንቅልፍ ነሣኝ። የነገርኳት ቃል እውነት ነው፤ የሰጠሁበት መንገድ ግን በሸክሟ ላይ ሌላ ሸክም ጨመረባት። ፍርሃቷ ሳያንስ አሁን ደግሞ በመፍራቷ ኃጢአተኛ ሆነች።

ወገኖቼ፣ ጳውሎስ በዚያ ጥቅስ የተጠቀመበት የግሪክ ቃል «ዴይሊያ» ነው። ለተለመደው ፍርሃት የሚያገለግለው «ፎቦስ» ሌላ ቃል ነው። «ዴይሊያ» ወደ ኋላ የሚያስሸሽ፣ አደራን የሚያስጥል ፈሪነት ነው። ልብ ሲመታና እጅ ሲንቀጠቀጥ ሁሉ «ዴይሊያ» አይባልም። ይህን ያስተማረን ሰው ራሱ ምን ያህል እንደ ፈራ እንይ።

ጳውሎስ ቆሮንቶስ ሲገባ ከየት መጣ? በፊልጵስዩስ በበትር ተደብድቦ ታስሯል። ከተሰሎንቄ በሌሊት ወጥቷል። ቤርያ ድረስ ተከትለው ሕዝቡን አነሣሥተውበታል። በአቴና አንዳንዶች አፌዙበት። ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው ብቻውን ቆሮንቶስ የደረሰው። በ1ኛ ቆሮንቶስ 2፥3 ላይ ያን ጊዜ በድካም፣ በፍርሃትና በብዙ መንቀጥቀጥ እንደ ነበረ ራሱ ጽፏል። እንግዲህ ሐዋርያው ከፈራ፣ ያቺ እህቴ መፍራቷ ምን ይገርማል?

ጌታ በሌሊት በራእይ ተናገረው። አትፍራ አለው፤ ዝም አትበል፣ ተናገር አለው። በግሪኩ አገባብ «እየፈራህ ያለኸውን ተው» የሚል ስሜት ሊይዝ ይችላል። ልብ በሉ፣ ጌታ አልገሠጸውም። «አንተን የሚያህል ሐዋርያ እንዴት ትፈራለህ?» አላለውም። ምክንያት ነው የሰጠው፦ ከአንተ ጋር ነኝ፤ ማንም አይጎዳህም፤ በዚህች ከተማ የእኔ የሆኑ ብዙ ሰዎች አሉ።

ሁለተኛውን ምክንያት በጥንቃቄ እንያዘው። ማንም አይጎዳህም የተባለው ለጳውሎስ፣ ለዚያች ከተማ፣ ለዚያ ጊዜ ነው። ተፈጸመም፤ አገረ ገዢው ጋልዮስ ክሱን ሳይሰማ ከሳሾቹን አባረራቸው። በዚያው ችሎት ፊት ግን ሶስቴንስ ተደበደበ። ጳውሎስ ራሱ በኋላ ወደ ኢየሩሳሌም ሲሄድ መንፈስ ቅዱስ እስራትና መከራ እንደሚጠብቀው ነው የነገረው (20፥23)። አንዳንዶቻችን ግን ይህን ተስፋ ለሁሉ፣ ለሁልጊዜ እንደ ከረሜላ እናድላለን። «ምንም አይነካሽም» ብለን የላክናት እህት የተነካች ቀን ምን እንላታለን?

አገራችንን እናስብ። የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ የነበሩት ቄስ ጉዲና ቱምሳ በደርግ ዘመን ደጋግመው ታስረዋል። ከአገር የሚወጡበት መንገድ ሲቀርብላቸው መንጋቸውን ጥለው መሄድን እምቢ አሉ። ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ በኡራኤል መካነ ኢየሱስ ከአገልግሎት ሲወጡ ተወሰዱ፤ ተገደሉም። አስከሬናቸው የተገኘው ሥርዓቱ ከወደቀ በኋላ ነው። ባለቤታቸው ወይዘሮ ፀሐይ ቶሎሳ ለአሥር ዓመት ገደማ ታሰሩ። ማንም አይጎዳህም የሚለው ተስፋ ለእኚህ ሰው በዚያ መልክ አልመጣም። ከአንተ ጋር ነኝ የሚለው ግን መጣ።

ሦስተኛው ምክንያት ብዙ ጊዜ የምናልፈው ነው። የጳውሎስ ፍርሃት መልስ ካገኘባቸው ነገሮች አንዱ ሌሎች ሰዎች ናቸው! ገና ያላገኛቸው፣ ስማቸውን የማያውቅ ሕዝብ። ከእነርሱም አስቀድሞ ጌታ አቂላንና ጵርስቅላን አዘጋጅቶለታል። እነርሱ ማን ነበሩ? ቀላውዴዎስ አይሁድን ከሮም እንዲወጡ ባዘዘ ጊዜ የተሰደዱ፣ በሰው አገር ድንኳን እየሰፉ የሚኖሩ ባልና ሚስት። የፈራው ሐዋርያ ያረፈው በስደተኞች ቤት ነው። በዋሽንግተንም በስቶክሆልምም ያላችሁ፣ ይህ ቃል ቤታችሁን ያንኳኳል።

የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን በጥር 1974 ዓ.ም. ስትዘጋና መሪዎቿ ሲታሰሩ አባላቷ 5 ሺህ ያህል ነበሩ። ምእመናኑ በየቤቱ ጥቂት ጥቂት ሆነው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ይገናኙ ነበር። ደርግ ሲወድቅ ቁጥራቸው ከ30 ሺህ በላይ ሆኖ ተገኘ። ከእነዚያ ሰዎች ብዙዎቹ ይፈሩ እንደ ነበር አልጠራጠርም። እየፈሩ ግን የሚቀጥለውን ቤት በር ያንኳኩ ነበር።

በአውሮፓውያን አቆጣጠር በታኅሣሥ 2011 በጅዳ በአንድ ቤት ለጸሎት የተሰበሰቡ 35 ኢትዮጵያውያን ተያዙ፤ አብዛኞቹ ሴቶች ነበሩ። ወራት ታስረው በኋላ ወደ አገር ተመለሱ። ስለዚህ አንድ ነገር በግልጽ ልናገር፦ በእንዲህ ያለ አገር ያለችን እህት ምስክርነት ከነስሟ፣ ከነድምፅዋ በፌስቡክ አትልቀቁ። በእርስዋ አንገት እኛ ደፋር አንሁን። ጌታ በአንዲት ከተማ ሲያሳድዱን ወደ ሌላዪቱ እንድንሸሽ ፈቅዷል (ማቴ. 10፥23)። ጳውሎስም በደማስቆ በቅርጫት ሆኖ በቅጥር ወርዷል። ጥንቃቄ ክህደት አይደለም።

እኛ በነጻ አገር ያለን ደግሞ፣ የሥራ ባልደረባ እንዳይስቅብን ፈርተን ዝም ማለታችንን ስደት ብለን አንጥራው። እሱ እፍረት ነው፤ ሌላ ቀን እንነጋገርበታለን።

ለእህቴ መልሼ ደወልኩላት። ይቅርታ ጠይቄ ጳውሎስም ፈርቶ እንደ ነበር ነገርኳት። ትንሽ ዝም አለች። «ጳውሎስ? ያ ጳውሎስ?» አለችና ሳቀች፤ ከዚያ አለቀሰች። አሁን ዓርብ ማታ፣ አሠሪዎቿ ዘመድ ጥየቃ ሲወጡ፣ ከሦስት እህቶች ጋር በስልክ ትጸልያለች። ሁለቱን በአካል አይታቸው አታውቅም። አንዳንድ ቀን መናገር አትችልም፤ ያን ጊዜ እነርሱ ይጸልያሉ፣ እርስዋ ታዳምጣለች። በዚህ ሳምንት ስለ እነዚህ አራት እህቶች ጸልዩ፤ ስማቸውን ጌታ ያውቀዋል።