የሹራብ ፎቶግራፍና የገዢ ዐይን

በገበያ ሹራብ የሚገዛ ሰው አስቀድሞ እጁን ይሰዳል፤ ክሩን ይዳስሳል፣ እጅጌውን ሳብ ያደርጋል፣ ገልብጦም ውስጡን ያያል። በቴሌግራም የሚገዛ ግን ይህ ሁሉ ተነፍጎታል። ስለዚህም ፎቶግራፉ በእጅ ፈንታ የሚቆም ምስክር ነው።

ይህን እንድናነሣ ያደረገን በኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም የምትኖር አንዲት እናት ናት። የሕፃናት ሹራብ በእጇ እየሠራች በስልኳ ትሸጣለች። ባለፈው ክረምት ክሩን በዱቤ ወስዳ የሠራችውን አረንጓዴ ሹራብ ሌሊት በአምፖል ብርሃን አነሣችው፤ ቀለሙ ስለ ደበዘዘባትም በስልኩ ማሳመሪያ አደመቀችው። በከተማው ሌላ ጫፍ የምትኖረው ገዢ ዕቃው ሲደርሳት፣ «ያየሁት ይህ አይደለም» ብላ መለሰችው። የመላኪያው ሒሳብ በእናቲቱ ላይ ወደቀ፤ የክሩም ዕዳ ሳይከፈል ቆየ። ክፉ አሳብ አልነበራትም፤ ምስሉ ግን ዋሽቷል።

እንግዲህ ከብርሃን እንጀምር። ቢጫ አምፖል ነጩን ክር ቢጫ ያስመስለዋል፤ የአምፖልና የመስኮት ብርሃን ሲደባለቁ ደግሞ በአንድ ሹራብ ላይ ሁለት ዓይነት ቀለም ይታያል። ስለዚህ አምፖሉ ይጥፋ፤ ሹራቡም ፀሐይ በቀጥታ በማይገባበት መስኮት አጠገብ ይዘርጋ። የሰሜን መስኮት ይሻላል የሚለው ምክር ከፈረንጅ አገር የመጣ ስለ ሆነ እንዳለ አንቀበለው። በአዲስ አበባ ሰማይ ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ ማብቂያ ገደማ የቀትር ፀሐይ በሰሜን በኩል ታልፋለች፤ ወደ ደቡብ የምታዘነብለው በቀሩት ወራት ነው። በክረምት ግን ደመናው ራሱ ብርሃኑን ያለሰልሰዋል።

ብርሃኑ ከፊት ሳይሆን ከጎን ይምጣ፤ እያንዳንዱ የክር ዘለበት ትንሽ ጥላ ጥሎ የሥራው ውበት የሚታየው ያን ጊዜ ነውና። ፍላሽ ይህን ጥላ ይደመስሰዋል። በሌላው ጎን ጨለማ ከበዛ ነጭ አንሶላ ወይም ወረቀት ማቆም ይበቃል። የስልክ ካሜራ ያየውን ሁሉ ወደ መካከለኛ ብርሃን ሊያመጣ ስለሚሻ ነጩ ሹራብ ይጠቁርበታል፣ ጥቁሩም ይነጣበታል፤ ስለዚህ ጣትን በምስሉ ላይ አሳርፎ ለነጩ ብርሃኑን ከፍ፣ ለጥቁሩ ዝቅ ማድረግ ያሻል።

ሹራቡ በመስቀያ አይሰቀል፤ የገዛ ክብደቱ ትከሻውን ይስበዋል። በንጹሕ ጨርቅ ላይ ተዘርግቶ ከላይ፣ ሳያዘነብሉ ይነሣ። «የ2 ዓመት ልጅ» ብሎ መጻፍም አይበቃም፤ ልጆች በአንድ ዕድሜ ቁመታቸው አንድ አይደለም። ሜትር በደረቱ ላይ ዘርግቶ ማንሣት ብዙ ጥያቄ ያስቀራል።

በዚያ ቤት ረዥም ክርክር ያስነሣው ግን ሌላ ነው። በአንድ ነጭ ሹራብ እጅጌ ላይ ዘለበት አምልጦ ኋላ ተጠግኗል። «አባ፣ ይህን ካሳየሁ ማን ይገዛኛል?» አለችን። ጥያቄዋ የእንጀራ ጥያቄ ስለ ነበር ፈጥነን አልመለስንም። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 አሳሳች ማስታወቂያን መከልከሉን ነገርናት፤ እርስዋ ግን የፈራችው ሕጉን ሳይሆን የሚመለስባትን ዕቃ ነበር። በመጨረሻ ጥገናውን በቅርብ አንሥታ ከሥሩ ጻፈችበት፤ ዋጋውንም ጥቂት ቀነሰች።

ነጩ ሹራብ ይህ እስኪጻፍ ድረስ አልተሸጠም። ተመልሶባት የነበረው አረንጓዴው ግን በመስኮት ብርሃን እንደ ገና ተነሥቶ በእውነተኛ ቀለሙ ገዢ አግኝቷል።