ከሰው ተለይቶ በዱር ስለ ኖረ አንድ ቤተ ሰብ፤ ስለ ዘር አጠባበቅም የሚገኝበት ትምህርት

ከመንገድና ከገበያ ርቆ የሚኖር ቤተ ሰብ ሁሉን ነገር ከገዛ እጁ ሥራ ስለሚጠብቅ፣ የጎደለው ነገር ፈጥኖ ይታወቃል። ስለዚህ የገበሬ ኑሮ በምን እንደሚቆምና በምን እንደሚወድቅ ለመመርመር የሚወድ አስተዳዳሪ፣ እንዲህ ያለውን ጎጆ ቢመለከት ብዙ ይማራል። ለዚህ ምሳሌ የሚሆነን በሩሲያ አገር፣ በሳይቤሪያ ጫካ የኖረው የሊኮቭ ቤተ ሰብ ነው።

ካርፕ ሊኮቭ የቀድሞውን የሩሲያ ሥርዓተ ሃይማኖት አንለቅም ካሉት ወገን ነበረ። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1936 ዓ.ም. ወንድሙ በመንግሥት ዘበኞች ጥይት ስለ ሞተበት፣ ሚስቱን አኩሊናንና ሁለት ልጆቹን ይዞ ወደ ጫካ ሸሸ። ሌሎች ሁለት ልጆችም በዚያው በዱር ተወለዱለት። በሳያን ተራሮች መካከል፣ በአባካን ወንዝ አገር፣ ከመንደር 250 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀው ተቀመጡ። በ1978 ዓ.ም. የማዕድን መርማሪዎች እስኪያገኙዋቸው ድረስ ከ40 ዓመት በላይ ብቻቸውን ኖሩ።

ዋና ምግባቸው ድንች ነበረ። ጭረቱ እንደ ቃጫ የሚፈተል ተክል እየዘሩ፣ ከቤታቸው ይዘውት በመጡት መሣሪያ ፈትለው ሸምነው ይለብሱ ነበር። ነገር ግን ትጋት የማይተካቸው ሁለት ነገሮች ጎደሉባቸው። አንደኛው ብረት ነው። የብረቱ ድስት ዝጎ ባለቀ ጊዜ ከዛፍ ቅርፊት ዕቃ ሠሩ፤ ይህ ግን በእሳት ላይ ሊጣድ አይችልም። ሁለተኛው ጨው ነው። መርማሪዎቹ ስጦታ ባቀረቡላቸው ጊዜ በመጀመሪያ የተቀበሉት ጨው ብቻ ነበረ።

ከሁሉ የከፋው መከራ በ1961 ዓ.ም. መጣ። በሰኔ ወር በረዶ ወርዶ በአትክልታቸው ቦታ የበቀለውን አጠፋው። የጫማ ቆዳና የዛፍ ቅርፊት እስከ መብላት ደረሱ። እናቲቱ አኩሊናም ልጆችዋ እንዲበሉ ራስዋን እየከለከለች በረኀብ ሞተች። ከዚህ በኋላ ከአተሩ መካከል አንዲት የራይ ቡቃያ ታየች፤ ራይ ማለት የስንዴ ዘመድ የሆነ፣ ብርድ የሚችል እህል ነው። ዙሪያዋን አጥረው ከአይጥና ከሽኮኮ ቀንና ሌሊት ጠበቁዋት። አንዲቱ ዛላ 18 ፍሬ ሰጠች፤ የራይ አዝመራቸውም ከነዚህ 18 ፍሬዎች እንደ ገና ተጀመረ።

እዚህ ላይ ሒሳቡን ማስተዋል ይገባል። አንዱ ፍሬ ሁልጊዜ 18 ቢሰጥ፣ አንድም ሳይቀመስ ሁሉ ቢዘራ፣ በሁለተኛው ዓመት 324፣ በሦስተኛው 5,832፣ በአራተኛው 104,976 ፍሬ ይሆናል። ይህም ቢመዘን 3 ኪሎ ገደማ ነው። እንግዲህ በአንድ የችግር ወር የተበላ ዘር በአራት ዓመት ድካም እንኳ አንድ ቁና በቅጡ አይሞላም። በአገራችንም በ1976 በአውሮፓ አቆጣጠር በአዲስ አበባ የዘር ማከማቻ የተቋቋመው፣ አንድ ጊዜ የጠፋ የአገር ዘር በገንዘብ ተመልሶ ስለማይገኝ ነው።

ስለዚህ በሩቅ ቀበሌ የሚኖረውን ሕዝብ የሚጠብቅ ሹም ሁሉ የሚከተለውን ያስብ።

1ኛ/ የዘር እህል ከቀለብ ተለይቶ፣ ከተቻለም በሁለት ቦታ ተከፍሎ ይቀመጥ። አንዱን ነቀዝ ወይም እሳት ቢያገኘው ሁለተኛው ይተርፋል።

2ኛ/ ገበሬው የመድረሻ ጊዜያቸው ልዩ ልዩ የሆኑ እህሎች ይዝራ። ውርጭ ወይም በረዶ በአንድ ሌሊት ሁሉን እንዳያጠፋበት ይረዳዋል።

3ኛ/ ብረትና ጨው ወደ ሩቁ ቀበሌ የሚደርሱበት መንገድ እንዳይዘጋ ይጠበቅ። ማረሻና ማጭድ የሚጠግን ባለ እጅም በአጠገብ ይኑር።

4ኛ/ አዝመራ በተመታ ጊዜ ወሬው በዚያው ሳምንት ለበላይ ይድረስ። ርዳታ ዘሩ ከተበላ በኋላ ቢመጣ የዘንድሮውን ረኀብ ያስታግሣል እንጂ የሚመጣውን ዓመት አያድንም።

ካርፕ ሊኮቭ በ1988 ዓ.ም. ሞተ፤ ታናሺቱ ልጁ አጋፍያም ከዚያ በኋላ ጫካውን አልተወችም። የዚያ ቤተ ሰብ ትጋት የሚያስደንቅ ነው፤ ነገር ግን በ1961 ዓ.ም. የሚበደርበት ጎረቤት፣ የሚጮኽበትም ሹም አልነበረውም። የእኛ ገበሬ ጎረቤትም ሹምም አለውና፣ ዘሩ በአንዲት ዛላ ላይ እስኪንጠለጠል ድረስ ሊጠበቅ አይገባም።