እንስሳ ይዞ ለሚመጣ እንግዳ ቤት ስለ ማከራየት

የዕረፍት ቀናቱን በውሃ ዳር ወይም በደን ዳር ለማሳለፍ ከከተማ የሚወጣ ቤተሰብ ልጆቹንና ጓዙን ብቻ ሳይሆን አንዳንድ ጊዜ ውሻውንም ይዞ ይነሣል። ይህን እንግዳ ሳይመልሱ፣ ቤትንም ሳያስበላሹ የሚቀበሉበትን ሥርዓት ማወቅ ቤት ለሚያከራይ ነጋዴ ተገቢ ትምህርት ነው።

ነገሩ ከውጭ የመጣ ቢመስልም ሥሩ በኢትዮጵያ የንግድ ኑሮ ውስጥ ይገኛል። የቀድሞው ሲራራ ነጋዴ መሽቶበት በሰው ደጅ «የመሸበት የእግዜር እንግዳ» ሲል በቅሎውና አህዮቹ ከኋላው ቆመው ነበር። ባለቤቱም «ቤት ለእንግዳ» ብሎ ካስገባ በኋላ እንስሳቱ የት እንደሚታሰሩና ከየት እንደሚጠጡ ሳያሳይ አይተኛም ነበር። ልዩነቱ ያን ጊዜ በቅሎ ከደጅ ስታድር፣ የዛሬው ውሻ ከጌታው ጋር ምንጣፍ ላይ ልተኛ ማለቱ ነው።

ኢትዮጵያ ከ1985 ዓ.ም. ወዲህ የባሕር ጠረፍ ስለሌላት የአዲስ አበባ ሰው ለዕረፍት ወደ ላንጋኖና ወደ መሰሉት ሐይቆች ይወርዳል። እንዲህ ያለው ኪራይ በሰፊው ከሚሠራባቸው አገሮች አንዱ እንግሊዝ ነው። በዚያ አገር በባሕር ጠረፍ ከሚከራዩት ትንንሽ ቤቶች ብዙዎቹ ውሻ ይቀበላሉ፤ ሲቀበሉ ግን ስንት ውሻ እንደሚገባ፣ ከአልጋና ከሶፋ ላይ እንዳይወጣ፣ ቤት ተዘግቶበት ብቻውን እንዳይቀር አስቀድመው ያስታውቃሉ። በበጋው ወራት ውሻ የማይገባባቸው የባሕር ዳርቻዎችም ስላሉ፣ የተፈቀደውን ለይቶ መንገር የአከራዩ ፈንታ ነው። እንስሳ የሚቀበል ቤት ማለት እንግዲህ በሩን የከፈተ ቤት ሳይሆን፣ እንግዳው ከቤቱ ሳይነሣ ደንቡን የነገረ ቤት ነው።

የማጃንግ ዞን ዋና ከተማ መቲ ባሕር ባይኖራትም እንግዳ የሚመጣበት ምክንያት አላት። የማጃንግ ደን በ2009 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ ተመዝግቧል። በዚህ ደን ዳር የእንግዳ ጎጆ ለመሥራት የሚያስብ ሰው ግን ከእንግሊዙ አከራይ ሊማራቸው የማይችል ነገሮች አሉ። አንደኛው ንብ ነው። የማጃንግ ሕዝብ ከግንድ የተሠራ ቀፎ በዛፍ ላይ ሰቅሎ ማር የሚያመርት ስለሆነ፣ እንግዳው በማያውቀው ቦታ ከራሱ በላይ ቀፎ ሊኖር ይችላል። ንብ የተቆጣች እንደሆነ ሰው ይሮጣል፤ በገመድ የታሰረ ውሻ ግን መሸሻ የለውም። ስለዚህ ማሰሪያው የሚተከልበትን ቦታ የሚመርጠው እንግዳው ሳይሆን አገሩን የሚያውቀው አከራይ መሆን አለበት። በጥብቅ ወደሚጠበቀው የደኑ ክፍልም ውሻ ይዞ መሄድ አይገባም፤ የዱር አራዊትን ማባረሩ አይቀርምና።

ጉዞውን አራዝሞ ወደ ጋምቤላ ከተማ በመውረድ ባሮ ዳር ለማረፍ የሚፈልግ እንግዳም ሌላ ምክር ያስፈልገዋል። ዱሮ በክረምት ከካርቱም የሚመጡ መርከቦች ቡና ይጭኑበት የነበረው ይህ ወንዝ አዞ ያለበት ነው፤ ውሻ ደግሞ ውሃ ሲያይ ሳይጠይቅ ይገባል። በአዲስ አበባ ብርድ ያደገ እንስሳ የቆላውን ሙቀት በቶሎ አይችለውም። የገንዲን በሽታ የሚያስተላልፈው የቆላ ዝንብም በባሮ አካባቢ ስላለ፣ በሽታው ከብትን ብቻ ሳይሆን ውሻንም እንደሚገድል ለእንግዳው መንገር ያስፈልጋል። ይህን ሰምቶ ውሻውን ከቤቱ ትቶ የሚመጣ እንግዳ ቢኖር አከራዩ አልከሰረም።

ከሁሉ የሚከብደው የእብድ ውሻ በሽታ ነው። ምልክቱ በሰው ላይ ከታየ በኋላ መዳን የለም ማለት ይቻላል። ውሻው «ተከትቧል» የሚል ቃል ብቻውን አይበቃም፤ ቀኑን ማየት ያስፈልጋል። የአውሮፓ ኅብረት አገሮች ውሻን ሲያስገቡ ከመጀመሪያው ክትባት በኋላ 21 ቀን እስኪያልፍ የሚጠብቁት የመከላከል ኃይሉ ወዲያው ስለማይገነባ ነው። በጉዞው ዋዜማ የተከተበ ውሻ እንዳልተከተበ መቆጠር አለበት። የአከራዩም የግቢ ውሻ እንዲሁ ይከተብ፤ እንግዳውን ማስረጃ የሚጠይቅ ሰው የራሱን ማሳየት ይገባዋልና። ንክሻ የደረሰ እንደሆነ ቁስሉን በሳሙናና በሚወርድ ውሃ 15 ደቂቃ አጥቦ፣ የተነከሰውን ሰው ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ተቋም ማድረስ ያስፈልጋል።

በዋጋ በኩል ስሕተት የሚገባው ሒሳቡ በሌሊት ሲቆጠር ነው። ለምሳሌ ያህል ውሻ ያደረበትን ጎጆ ጠርጎና ምንጣፉን አጥቦ ለማዘጋጀት 400 ብር ተጨማሪ ወጪ ይጠይቃል ቢባል፣ እንግዳው አንድ ሌሊትም ቢያድር አምስት ሌሊትም ቢቀመጥ ይህ ወጪ የሚወጣው አንድ ጊዜ ነው። አከራዩ በሌሊት 100 ብር ቢያስከፍል አንድ ሌሊት ያደረው እንግዳ 300 ብር ያከስረዋል። በሌሊት 400 ብር ቢያስከፍል ደግሞ አምስት ሌሊት የተቀመጠው ለውሻው ብቻ 2,000 ብር ከፍሎ ሁለተኛ አይመለስም። ስለሆነም ክፍያው ለቆይታው በሙሉ አንድ ጊዜ ይሁን፤ ለሚሰበር ዕቃ የሚያዘው ገንዘብ ለብቻው ተቆጥሮ ጉዳት ከሌለ ይመለስ።

የጎረቤት ዶሮ ቢያዝስ? በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2071 የእንስሳ ባለቤት እንስሳው ላደረሰው ጉዳት፣ ሳይታሰብ አምልጦት እንኳ ቢሆን፣ ኃላፊ መሆኑን ይደነግጋል። አከራዩ ግን «እናንተ ተናፈሱ፣ ውሻውን እኔ እጠብቃለሁ» ብሎ የተረከበ እንደሆነ ኃላፊነቱ ወደ እሱ ሊዞር ይችላል። ደግነቱ መልካም ነው፤ ከውሉ ውጭ ባይሆን ይሻላል።

ውሉ ረጅም መሆን አያስፈልገውም። በዚህ ዐይነት ቢጻፍ ይበቃል፦

«ተከራዩ አንድ ውሻ ይዞ ይገባል። ውሻው የተከተበበትን ቀን የሚያሳየውን ወረቀት ለአከራዩ አሳይቷል። ውሻው ከመኝታ ክፍል አይገባም፤ ከግቢ ሲወጣ በገመድ ይያዛል፤ ብቻውን አይተውም። ለጽዳት … ብር ለቆይታው በሙሉ አንድ ጊዜ ተከፍሏል፤ በመያዣ … ብር ተሰጥቷል። ውሻው በሰው፣ በእንስሳ ወይም በዕቃ ላይ ለሚያደርሰው ጉዳት ተከራዩ ኃላፊ ነው።»

ይህ በሁለት ቅጂ ተጽፎ፣ ቀብዱ ከመከፈሉ በፊት ለእንግዳው ይላክ። በሩ ላይ ደርሶ ከነውሻው ለቆመ ቤተሰብ ደንብ ማንበብ መጀመር ለሁለቱም አይመችም።