አእምሮና መንፈሳዊ ተመክሮ በዘመናዊው ስውር ጥበብ



ሐዋርያው ቅዱስ ዮሐንስ በመጀመሪያይቱ መልእክቱ በምዕራፍ 4 መግቢያ ላይ፣ ምእመናን መንፈስን ሁሉ በየዋህነት ከመቀበል ይልቅ ከእግዚአብሔር መሆን አለመሆኑን እንዲመረምሩ ያዛል። በዚህ አጭር ትእዛዝ ውስጥ ሁለት ነገሮች ተጣምረው ይገኛሉ። በአንድ በኩል ሐዋርያው መንፈሳዊ ተመክሮ የሚባል ነገር መኖሩን አይክድም፤ በሌላ በኩል ደግሞ ማንኛውም ተመክሮ ሳይመረመር ተቀባይነት እንዲያገኝ አይፈቅድም። በዚህ እትም ልናጠናው ያሰብነው ጉዳይ ከዚሁ ትእዛዝ ጋር የተያያዘ ነው።

ከተማሩ ወጣቶች ዘንድ ደጋግሞ የሚቀርብልን አንድ ጥያቄ አለ። «አባ፣ እኔ ወደ ጠንቋይ ቤት አልሄድም፤ ባዕድ አምልኮም የለብኝም። ያነበብሁት መጽሐፍ ግን ዝም ብለህ እመን አይልም፤ ራስህ ሞክረህ ድረስበት ይላል። ታዲያ ይህ ምን ኃጢአት አለው?» ይሉናል። ይህ በቁጣ የሚመለስ ጥያቄ አይደለም። ጠያቂው የሚናገረው ስለ ቃልቻ ወይም ስለ ዐውደ ነገሥት ገላጭ ሳይሆን፣ በ19ኛው መቶ ዓመት በአውሮፓ ተደራጅቶ ዛሬ በመጻሕፍትና በእጅ ስልክ ሳይቀር ወደ እያንዳንዱ ቤት ስለሚገባው ስውር ጥበብ፣ ማለትም ስለ ኦከልቲዝም ነው። ይህም ትምህርት በአእምሮ እየተመራሁ ወደ መንፈሳዊ ተመክሮ አደርሳለሁ ይላል። አባባሉ እውነት መሆኑን እንመርምር። (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

1. ሳይንስንና ሃይማኖትን አስታርቃለሁ ያለው ጥበብ

በ1810 በፓሪስ የተወለደው አልፎንስ ሉዊ ኮንስታን የዘርአ ክህነት ተማሪ ነበር። በቅዱስ ሱልፒስ ዘርአ ክህነት ተምሮ በ1835 የዲቁና ማዕርግ ከተቀበለ በኋላ፣ ለቅስና ሳይበቃ በተከታዩ ዓመት ወጣ። ይህ ሰው በኋላ ኤሊፋስ ሌቪ በሚል ስም በ1850ዎቹ ስለ አስማት ባሳተማቸው መጻሕፍት፣ የዘመናዊው ስውር ጥበብ አባት ለመባል በቅቷል። ዋና ሐሳቡም የሚከተለው ነበር፤ አስማት እምነትንና ሳይንስን የሚያስታርቅ ጥንታዊ ጥበብ ነው፤ በፍጥረት ሁሉ ውስጥ የሚመላለስ አንድ ስውር ኃይል አለ፤ ፈቃዱን ያሠለጠነ ሰው ይህን ኃይል ሊገዛው ይችላል።

በ1888 ደግሞ ሦስት ፍሪሜሶኖች በለንደን «የወርቃማው ንጋት ማኅበር» የተባለውን ምሥጢራዊ ማኅበር መሠረቱ። ማኅበሩ እንደ ትምህርት ቤት በደረጃዎች የተከፈለ ነበር። አባላቱ ከአንዱ ማዕርግ ወደ ሌላው ለመሻገር የዕብራይስጥን ፊደላት፣ የከዋክብትን ምልክቶችና የታሮት ካርዶችን ትርጓሜ አጥንተው ይፈተኑ ነበር። ዝነኛው የአየርላንድ ባለቅኔ ዊልያም በትለር ዬትስ በ1890 አባል ሆኖአል። እንግዲህ ስውር ጥበብ ያልተማሩ ሰዎች ስሕተት ብቻ ነው ብሎ ማለፍ አይቻልም።

በ1898 ወደዚህ ማኅበር የገባው እንግሊዛዊው አሌስተር ክራውሊ ነገሩን ከዚህም አራቀው። በ1909 «ዘ ኢኩዊኖክስ» የተባለውን መጽሔት ሲጀምር፣ ግቡ የሃይማኖት፣ መንገዱ ግን የሳይንስ እንደሚሆን አስታወቀ። ተለማማጁም ልክ በቤተ ሙከራ እንዳለ ሰው የፈጸመውን ሥርዓት፣ ጊዜውን፣ የአካሉን ሁኔታና ያገኘውን ውጤት በደብተር እንዲመዘግብ አስተማረ። «ሞክረህ ድረስበት» የሚለው የወጣቶቻችን ንግግር ሥሩ እዚህ ላይ ነው።

2. መርማሪው አእምሮ የት ላይ ቆመ?

አእምሮ ሁለት ዓይነት አገልግሎት ሊሰጥ ይችላል። አንደኛው መሣሪያ መሆን ነው፤ ይኸውም «እንዴት ይደረጋል?» ብሎ መጠየቅ ነው። ሁለተኛው ዳኛ መሆን ነው፤ ይኸውም «እውነት ነውን? ከማን ነው? ወዴትስ ያደርሳል?» ብሎ መጠየቅ ነው። ዘመናዊው ስውር ጥበብ ለመጀመሪያው አገልግሎት በሩን ወለል አድርጎ ከፍቷል፤ ሁለተኛውን ግን ከደጅ አስቀርቶታል። ለዚህ ሁለት ማስረጃዎች እናቀርባለን።

የወርቃማው ንጋት ማኅበር ሥልጣን የተመሠረተው፣ አና ሽፕሬንግል ከተባለች በጀርመን አገር ትኖራለች ከምትባል ሴት መጡ በተባሉ ደብዳቤዎች ላይ ነበር። ከመሥራቾቹ አንዱ የነበረው ዊልያም ዊን ዌስትኮት ሐኪምና በለንደን የሰዎችን አሟሟት መንስኤ የሚመረምር ሹም ነበር። ሥራው ማስረጃ መመዘን በሆነ ሰው ቤት እነዚህ ደብዳቤዎች ለዓመታት ሳይጠየቁ ኖሩ። በ1900 ሌላው መሥራች ማተርስ ደብዳቤዎቹን ዌስትኮት ራሱ የፈጠራቸው ናቸው ብሎ ጻፈ፤ አባላቱም ነገሩን የሚያጣራ ኮሚቴ አቋቋሙ፤ በጥቂት ዓመታት ውስጥም ማኅበሩ ተከፋፈለ። የታሪክ ተመራማሪዎችም ደብዳቤዎቹን በአብዛኛው የሐሰት አድርገው ይቈጥሯቸዋል። አባላቱ ፊደላትንና ከዋክብትን በትጋት ሲያጠኑ፣ የቆሙበትን መሠረት ግን ለ12 ዓመታት አልመረመሩም ነበር።

ሁለተኛው ማስረጃ ክራውሊ ራሱ ነው። በሚያዝያ 1904 በካይሮ ከተማ ለሦስት ቀናት አንድ የማይታይ አካል ድምፅ መጽሐፍ እንዳጻፈው ተናገረ፤ የሃይማኖቱም መሠረት ይኸው መጽሐፍ ሆነ። በ1925 በቱኒስ ባወጣው አጭር ማብራሪያ ግን መጽሐፉን ማጥናትን ከለከለ፤ ስለ ይዘቱ የሚወያዩትንም ሰዎች እንዲርቋቸው አዘዘ። ደብተር ያዙ፣ መዝግቡ፣ ሞክሩ ያለው መምህር ዋናው ቃል ላይ ሲደርስ አትመርምሩ አለ። ልብ በሉ፤ ቤተ ክርስቲያን አእምሮን ታስራለች ብለው ወደዚያ የሄዱ ሰዎች፣ መጨረሻ ላይ ያገኙት ከዚህ የጠበቀ እስራት ነው።

አእምሮ ዳኛ ሲሆን ምን እንደሚያደርግ ለማየት ወደ 1853 እንመለስ። በዚያን ጊዜ በእንግሊዝ አገር ሰዎች ጠረጴዛ ከበው እጃቸውን በላዩ ሲያኖሩ ጠረጴዛው ይንቀሳቀስ ነበርና፣ ብዙዎች ይህን የመናፍስት ሥራ ነው ይሉ ነበር። ታላቁ የፊዚክስ ሊቅና በእምነቱ ጽኑ ክርስቲያን የነበረው ማይክል ፋራዴይ፣ በእጆቹና በጠረጴዛው መካከል እንቅስቃሴን የሚያመለክት ቀላል መሣሪያ አኖረ። ጠረጴዛውን የሚገፉት የሰዎቹ የራሳቸው እጆች መሆናቸው ታወቀ፤ ሰዎቹ ግን አታላዮች አልነበሩም፤ ሳይታወቃቸው ነበር የሚገፉት። መሣሪያውን እያዩ ሲቀመጡ ጠረጴዛው መንቀሳቀሱን ተወ። ከዚህ የምንማረው፣ ሰው ከራሱ የወጣውን ነገር ከሌላ ዓለም እንደመጣ አድርጎ በቅን ልቡና ሊቀበል እንደሚችል ነው። «በዓይኔ አይቻለሁ፣ ተሰምቶኛል» ማለት ብቻውን ማስረጃ የማይሆነውም ስለዚህ ነው።

3. ተመክሮው ስጦታ ነው ወይስ የእጃችን ሥራ?

እዚህ ላይ የአንዲት ሴት ሕይወት ብዙ ያስተምረናል። በ1875 የተወለደችው እንግሊዛዊቷ ኤቭሊን አንደርሂል፣ ከወርቃማው ንጋት መከፋፈል በኋላ ከተነሡት ማኅበራት በአንዱ ለጥቂት ዓመታት አባል ነበረች። ነገሩን ከውስጥ ካየች በኋላ ትታው ወጣች፤ በ1911ም ስለ ምሥጢራዊ ተመስጦ ታላቅ መጽሐፍ አሳተመች። በዚህ መጽሐፍ አስማትንና እውነተኛውን ተመስጦ በግልጽ ትለያለች። እንደ እርስዋ አገላለጽ አስማት የሚሻው መቀበልን ነው፤ ተመስጦ ግን ራስን መስጠትን ይሻል። ሁለቱም ወደማይታየው ዓለም እንመለከታለን ይላሉ፤ አንደኛው ግን እጁን የሚዘረጋው ለመያዝ ነው።

ይህ ልዩነት በግብረ ሐዋርያት ምዕራፍ 8 አስቀድሞ ተገልጦአል። ሲሞን መሠርይ በሐዋርያት እጅ መንፈስ ቅዱስ ሲሰጥ ባየ ጊዜ በስጦታው ተደንቆ ነበር፤ ነገር ግን ስለ ሰጪው አልጠየቀም፤ የጠየቀው ዋጋውን ነው። ዛሬ ዋጋው በገንዘብ ብቻ አይከፈልም፤ በሥርዓትና በፈቃድ ኃይልም ሊከፈል ይችላል፤ ሐሳቡ ግን ያው የሲሞን ሐሳብ ነው።

የቤተ ክርስቲያን ታላላቅ ባለ ተመስጦዎች የሄዱበት መንገድ ከዚህ የተለየ ነው። ቅዱስ ዮሐንስ ዘመስቀል (1542–1591) ራእይንና ድምፅን መፈለግ ቀርቶ፣ ሳይፈለጉ ሲመጡም ነፍስ በእነርሱ ላይ እንዳትደገፍ ያስተምራል። ቅድስት ትሬዛ ዘአቪላ (1515–1582) ብዙ ያየች ሴት ስትሆን፣ ያየችውን ሁሉ ለተማሩ ካህናት እየገለጠች ታስመረምር ነበር፤ ከመልካምነት ጋር ዕውቀት ያለው መምህረ ንስሐ እንዲገኝም አጥብቃ ትመክራለች። ቅዱስ ቶማስ ዘአኲኖም በታኅሣሥ 1273 በቅዳሴ ላይ ሳለ ባገኘው ጸጋ ምክንያት መጻፍ እንዳቆመ ይተረካል፤ ነገር ግን የጻፈውን ስሕተት ነው አላለም። ተመስጦው ከአእምሮ በላይ ወጣ እንጂ አእምሮን አልሻረም።

አንባቢ ሆይ፣ «ክርስቲያኖችስ በጾም፣ በስግደትና በጸጥታ አይለማመዱምን?» ብለህ ትጠይቅ ይሆናል። አዎን፣ እንለማመዳለን። በ1989 የእምነት ትምህርት ጉባኤ ስለ ክርስቲያናዊ ጸሎት ለጳጳሳት በላከው መልእክት እንዳስረዳው ግን፣ የአካልና የአሳብ ልምምድ ለጸሎት ሊረዳ ቢችልም ከእግዚአብሔር ጋር የሚደረገው አንድነት የልምምድ ውጤት አይደለም፤ የነጻ አካል ነጻ ስጦታ ነው። ገበሬ መሬቱን ያርሳል፤ ዝናቡን ግን ከማረሻው አያወጣም።

4. የቤተ ክርስቲያን ትምህርት

ቤተ ክርስቲያን አእምሮን ትፈራለች የሚለው ወቀሳ መሠረት የለውም። የመጀመሪያው የቫቲካን ጉባኤ በ1870 ሰው በተፈጥሮ አእምሮው ብርሃን የእግዚአብሔርን መኖር በእርግጠኝነት ሊያውቅ እንደሚችል አስተምሮአል። ር.ሊ.ጳ. ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊም በ1998 ባወጡት ሐዋርያዊ መልእክት እምነትንና አእምሮን የሰው መንፈስ ወደ እውነት በሚበርርባቸው ሁለት ክንፎች መስለዋቸዋል።

የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስ በቍጥር 2116 እና 2117 ማንኛውንም ጥንቆላና አስማት፣ ለበጎ ነው ተብሎ የሚደረገውን እንኳ ሳይቀር ይከለክላል። ምክንያቱም በእነዚህ ሥራዎች ውስጥ ስውር ኃይላትን ለማዘዝና በጊዜና በሌሎች ሰዎች ላይ ለመሠልጠን የሚደረግ ፍላጎት ስላለ ነው፤ ይህም ለእግዚአብሔር ብቻ የሚገባውን በፍቅር የተሞላ አክብሮት ይቃረናል። እንግዲህ ለወጣቱ የምንመልስለት እንዲህ ብለን ነው፤ ልጃችን ሆይ፣ ኃጢአቱ መመርመርህ አይደለም፤ ምርመራውን ከመንገዱ አጋማሽ አቋርጠህ ጌትነትን መሻትህ ነው።

5. ለኑሮአችን የሚሆን ምክር

በመጀመሪያ ራሳችንን እንመርምር። ይኸው ትምህርተ ክርስቶስ በቍጥር 2111 የጸሎትና የምሥጢራት ፍሬ ከውስጥ ዝግጅት ተለይቶ በውጫዊው አፈጻጸም ብቻ ይገኛል ብሎ ማሰብ ባዕድ እምነት እንደሆነ ያስጠነቅቃል። የዘጠኝ ቀን ጸሎትን ቍጥሩ እንዳይጐድል እየተጠነቀቅን ከጎረቤታችን ጋር ሳንታረቅ የምንቀር ከሆነ፣ ጠበሉንም እንደ ክታብ የምንይዝ ከሆነ፣ ከሌቪና ከክራውሊ ያለን ርቀት እንደምናስበው ሰፊ አይደለም።

ሁለተኛ፣ ከዚህ ልምምድ የሚመለሱትን በጥበብ እንቀበል። እኛ ካህናት አንዳንድ ጊዜ ጥያቄውን ሳንሰማ በማስፈራራት መልሰናቸዋል፤ ይህ ጥፋታችን ነው። ድምፅ ሰማሁ የሚለውን ሁሉ በችኮላ ጋኔን ይዞታል ማለት አይገባም፤ ሐኪም የሚያስፈልገው አለና። የክፉውን መንፈስ ሥራ ሁሉ መካድም አይገባም። መርምሮ መለየት፣ ወደ ምሥጢረ ንስሐ መምራት፣ ከጎኑም መቆየት ያስፈልጋል።

ሦስተኛ፣ ወደ አንደርሂል ሕይወት እንመለስ። ከ1921 ጀምሮ የነፍስ መካሪዋ የሆኑት ካቶሊካዊው ምእመን ባሮን ፍሪድሪክ ፎን ሂውግል ነበሩ። እኚህ ሊቅ በ1908 ባሳተሙት ሥራቸው ሃይማኖት ሦስት ነገሮች እንደሚያስፈልጉት አስተምረዋል፤ እነርሱም የቤተ ክርስቲያን ሥርዓት፣ የአእምሮ ምርመራና የልብ ተመክሮ ናቸው፤ አንዱ ብቻውን ሲቀር ይታመማል። አንደርሂልን ግን ተጨማሪ መጽሐፍ እንድታነብ ብቻ አላዘዟትም፤ በየሳምንቱ ድሆችን እየሄደች እንድትጎበኝ መከሯት። በድሃው ደጃፍ ላይ ሰው ኃይሉን ማሳየት አይችልም፤ ሊሰጥ ወይም ሊቀበል ብቻ ይችላል። ተመክሮአችን ከእግዚአብሔር መሆኑ የሚታወቀውም በዚያ ነው።

የእውነት መንፈስ አእምሮአችንን ያብራ፣ ልባችንንም ያንጻ። አሜን።

ለመወያያ የሚሆኑ ጥያቄዎች

ሀ. አእምሮን እንደ መሣሪያና እንደ ዳኛ በመጠቀም መካከል ያለው ልዩነት ምንድን ነው?

ለ. በየግላችን ጸሎት ውስጥ የሲሞን መሠርይ ሐሳብ የሚታየው የት ላይ ነው?

ሐ. ከስውር ጥበብ ልምምድ ለመመለስ የሚፈልግ ሰው ወደ ቁምስናችን ቢመጣ እንዴት እንቀበለዋለን?