ቆዳችን ላይ የሚወጣ ምልክት

አንድ የጎግ ገበሬ አለ እንበል። ክንዱ ላይ ቀላ ያለ ምልክት ወጣበት። አይበላውም፤ አያመውም። ስለዚህ ዝም ብሎ በጊሎ ወንዝ ዳር በቆሎውን ሲኮተኩት ከረመ። አንድ ማታ ምልክቱን ፍም ነካው። ቆዳው ተቃጠለ፤ እሱ ግን አልተሰማውም። ያን ጊዜ ደነገጠ። «ካንሰር ይሆን እንዴ?» አለ።

ቀላ ወይም ነጣ ያለ ምልክት ሁሉ ካንሰር አይደለም። ቋቁቻ፣ ጭርትና ለምጽ ካንሰር አይደሉም። ሲነኩት የማይሰማ ምልክት ግን ሥጋ ደዌ ሊሆን ይችላል።

ታዲያ እንዴት ነው የምንለየው? ሰውየው ዓይኑን ይጨፍን። መጀመሪያ ጤነኛውን ቆዳ፣ ቀጥሎ ምልክቱን በጥጥ ቀስ አድርገን እንንካ። ምልክቱ ላይ ካልተሰማው ሳይውል ሳያድር ጤና ጣቢያ ይሂድ። ቢሰማውም፣ ምልክቱ ካልጠፋ ይታይ።

ሥጋ ደዌ እርግማን አይደለም። የሚያመጣው በዓይን የማይታይ ተሕዋሲ ነው። ይህንንም የኖርዌዩ ሐኪም ሐንሰን በ1873 እ.ኤ.አ. ደረሰበት። መድኃኒቱ በነፃ ይሰጣል፤ እንደ በሽታው መጠን 6 ወይም 12 ወር ተወስዶ ያድናል። ከዘገየን ግን ጣት ይቆለመማል፤ የጠፋው ስሜትም ላይመለስ ይችላል።

ካንሰርስ? በጥቁር ቆዳ ላይ ብዙ አይታይም። ሲመጣ ግን ውስጥ እግር ላይ ወይም ጥፍር ሥር እንደ ጥቁር ነጥብ ሊጀምር ይችላል። በድሮ የእሳት ጠባሳ ላይም ይወጣል። ነጥቡ ከሰፋ፣ መልኩ ከተለወጠ፣ ከደማ፣ ወይም ቁስሉ ከአንድ ወር በላይ ካልዳነ ሐኪም ይየው።

ከተወለዱ ጀምሮ ቆዳቸውና ፀጉራቸው የነጣ ሰዎች ከሁሉም ይበልጥ ይጠንቀቁ። ፊታቸው፣ ጆሯቸው ወይም አንገታቸው ላይ የሚወጣ ሮዝ መልክ ያለውና የሚቀረፈፍ ምልክት የካንሰር መጀመሪያ ሊሆን ይችላል። ሰፊ ባርኔጣ ያድርጉ፤ እጅጌው ረጅም ልብስ ይልበሱ።

እግር ላይ ውሃ ቋጥሮ እንደ እሳት የሚያቃጥል እብጠት ደግሞ ሌላ ነው። በጎግና በአቦቦ የታወቀው የጊኒ ወርም ሊሆን ይችላል። እግራችሁን ወንዝ ወይም ኩሬ ውስጥ አትንከሩ፤ ወዲያው ለጤና ሠራተኛ ንገሩ።

ምልክቱን አትተኩሱት፤ አትብጡት። አሳዩት እንጂ አትደብቁት።

ጥያቄዎች
1. ገበሬው ፍሙ ያልተሰማው ለምንድን ነው?
2. ምልክትን በጥጥ እንዴት እንፈትናለን?
3. ዛሬ ማታ የቤተሰባችሁን ጀርባና ውስጥ እግር ተያዩ። ምን አገኛችሁ?