አንድ ከተማ የኃይል ምንጩንና የአየር ንብረት ጥበቃውን በዕቅድ የሚመራበት ዘዴ

መግቢያ

ድርቅ በተከሠተ ቁጥር በቅድሚያ የሚታሰበው የእህልና የውኃ አቅርቦት ነው። ይሁን እንጂ የታደለው እህል ሳይበስል አይበላም፤ ለማብሰያው የሚያስፈልገው ማገዶም በአብዛኛው የሚቆረጠው ድርቁ ከጎዳው ከዚያው መሬት ላይ ነው። ዛፉ ሲያልቅ አፈሩ በጎርፍ ይታጠባል፤ ምንጩ ይነጥፋል፤ ቀጥሎ የሚመጣው የዝናብ እጥረትም የከፋ ጉዳት ያደርሳል። ከገጠር የተፈናቀለው ሕዝብ የሚጠጋባቸው ከተሞች በዚህ ሂደት ውስጥ ከፍተኛ ድርሻ አላቸው። ስለሆነም የከተማ የኃይል ዕቅድ የመሐንዲሶች ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የዕርዳታና የመልሶ ማቋቋም ሠራተኞችም ሊያውቁት የሚገባ ሥራ ነው።

የጉዳዩ አመጣጥ

በኢትዮጵያ የማገዶ እጥረት የከተማን ህልውና መፈታተን የጀመረው ዛሬ አይደለም። አዲስ አበባ በተቆረቆረች በጥቂት ዓመታት ውስጥ በዙሪያዋ የነበረው ደን በመመናመኑ፣ ዐፄ ምኒልክ በ1890ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ዋና ከተማውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር አስበው ሥራ አስጀምረው ነበር። ከተማዋ በቦታዋ ልትጸና ከቻለችባቸው ምክንያቶች አንዱ፣ ከውጭ የመጣው ባሕር ዛፍ በብዛት ተተክሎ የማገዶውን ፍላጎት ለማሟላት መቻሉ ነው።

በውጭ አገር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2008 በአውሮፓ የተመሠረተው «የከንቲባዎች ቃል ኪዳን» ከተሞች በየራሳቸው ዕቅድ እንዲያወጡ መንገድ ከፍቷል። ፈራሚዎቹ የካርቦን ዳይኦክሳይድ ልቀታቸውን እስከ 2020 ቢያንስ በ20 በመቶ ለመቀነስ ተስማምተው ነበር። በ2015 ቃል ኪዳኑ ሲታደስ ግቡ እስከ 2030 ወደ 40 በመቶ ከፍ ከማለቱም በላይ፣ የአየር ንብረት ለውጥ የሚያደርሰውን ጉዳት የመቋቋም ተግባር ተጨመረበት። በዚያው ዓመት ከሰሐራ በታች ለሚገኙት የአፍሪካ ከተሞች ተመሳሳይ ቃል ኪዳን ሲዘረጋ ሦስተኛ ዓላማ ታከለበት፤ ይኸውም ለሕዝቡ ኃይል ማዳረስ ነው። ኃይል የሌለው ከተማ ፍጆታውን እንዲቀንስ ብቻ ሊጠየቅ አይችልምና ይህ ጭማሪ መሠረታዊ ነው።

የዕቅዱ ደረጃዎች

1. መነሻውን መመዝገብ። ከተማው በአንድ የተወሰነ ዓመት ምን ያህል ማገዶ፣ ከሰል፣ ነዳጅና ኤሌክትሪክ እንደፈጀ ይቆጠራል። የኤሌክትሪኩና የነዳጁ መጠን ከሽያጭ መዝገብ ይገኛል። የማገዶውና የከሰሉ ግን ደረሰኝ ስለሌለው፣ በከተማው መግቢያ በሮች ሸክሙን በመቁጠርና በናሙና የተመረጡ ቤቶችን ፍጆታ በመመዘን መገመት ይኖርበታል። ከሰል ሲመዘገብ ልዩ ጥንቃቄ ያሻል። በባህላዊው የአፈር ምድጃ አንድ ኪሎ ከሰል ለማክሰል ከአምስት እስከ አሥር ኪሎ እንጨት ስለሚጠፋ፣ በገበያ ላይ የሚታየው ጆንያ ከጀርባው የተጨፈጨፈውን ዛፍ አያሳይም። እንዲሁም የተቆረጠው ዛፍ በምትኩ ከበቀለ አዲሱ ዛፍ ካርቦኑን መልሶ ይወስዳል፤ ካልበቀለ ግን ሙሉው እንደ ልቀት መቆጠር አለበት።

2. የሚያሠጋውን አደጋ ማጥናት። በ1998 ዓ.ም. ክረምት የደቻቱ ወንዝ ድንገት ሞልቶ በድሬዳዋ ከ200 በላይ ሰዎች ሲሞቱ፣ ጎርፉ የመጣው ከከተማው በላይ ካለው የሐረርጌ ደጋ ነበር። ስለዚህ ጥናቱ በከተማው ወሰን ላይ ሊቆም አይገባውም። ኤሌክትሪክን በሚመለከትም፣ በ1995 እና በ2001 ዓ.ም. የግድቦች ውኃ በመጉደሉ ኃይል በፈረቃ ይታደል እንደነበር ይታወሳል። በድርቅ ጊዜ መብራት የሚጠፋ ከሆነ የውኃ መሳቢያው፣ የክትባቱ ማቀዝቀዣና የእህል ወፍጮው አብረው እንደሚቆሙ አስቀድሞ መታወቅ አለበት።

3. ግብና ተግባር መምረጥ። የሚከተለው ስሌት ለማስተማሪያ የቀረበ ምሳሌ ነው። 5,000 አባወራዎች ያሉበት ከተማ እያንዳንዱ ቤት በሳምንት 20 ኪሎ እንጨት ቢፈጅ፣ የዓመቱ ፍጆታ 5,200 ቶን ይሆናል። ከዚህ ውስጥ ግማሹ እንጀራ ለመጋገር ይውላል እንበል። «ምርጥ» የተሰኘው የእንጀራ ምድጃ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር ግማሽ ያህሉን እንጨት ሊያድን ይችላል። ምድጃውን ከቤቶቹ ግማሾቹ ቢጠቀሙበት በዓመት 650 ቶን፣ ማለትም ከጠቅላላው ፍጆታ አንድ ስምንተኛው ይድናል። አሁን 1,000 ተፈናቃይ አባወራዎች ወደ ከተማው ቢገቡና በሦስት ጉልቻ ቢያበስሉ፣ በዓመት 1,040 ቶን ተጨማሪ እንጨት ያስፈልጋል። ነዋሪው በስንት ድካም ያዳነው ሁሉ አልፎ፣ ከቀድሞው ፍጆታ በላይ 390 ቶን ይቆረጣል። ነገር ግን ከነባሩም ከመጤውም እያንዳንዱ ቤት ምድጃውን ቢያገኝ፣ 6,000ው አባወራ በዓመት የሚፈጀው 4,680 ቶን ብቻ ይሆናል፤ ይህም ሕዝቡ ከመጨመሩ በፊት ከነበረው ያነሰ ነው። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት፣ ምድጃ ከመጠለያና ከእህል ጋር በመጀመሪያው የዕርዳታ ዝርዝር ውስጥ መግባት እንዳለበት ነው።

ከተግባሮቹ መካከል የቆሻሻ አያያዝም ይገኛል። የተከመረ ቆሻሻ ሲበሰብስ የሚወጣው ሚቴን፣ በክብደት ሲነጻጸር በመቶ ዓመት ውስጥ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ25 ጊዜ በላይ ሙቀት ያምቃል። በ2009 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የቆሼ ክምር ተንዶ ከ100 የሚበልጡ ሰዎችን መቅጠፉ ጉዳዩ የጋዝ ብቻ ሳይሆን የሕይወትም መሆኑን አሳይቷል። በዚያው አካባቢ የተሠራውና ቆሻሻ በማቃጠል ኤሌክትሪክ የሚያመነጨው የረጲ ጣቢያ በ2010 ዓ.ም. ተመርቋል። በውኃ ኃይል ላይ ብቻ መመካት የሚያስከትለውን ሥጋት ለመቀነስ ደግሞ፣ በመቀሌ አጠገብ በ2006 ዓ.ም. የተመረቀው 120 ሜጋዋት የአሸጎዳ የነፋስ ኃይል ጣቢያ ጥሩ ምሳሌ ይሆናል፤ ነፋሱ በበጋ ወራት ስለሚበረታ ግድቦቹ ውኃቸውን ለመቆጠብ ያስችላቸዋልና።

4. ኃላፊነትን መደልደልና መከታተል። እያንዳንዱ ተግባር ፈጻሚው፣ በጀቱና የሚጠናቀቅበት ጊዜ ተለይቶ ሊጻፍ ይገባል። በታደሰው ቃል ኪዳን መሠረት የአውሮፓ ከተሞች በፈረሙ በሁለት ዓመት ውስጥ ዕቅዳቸውን ማቅረብ፣ ከዚያም በየሁለት ዓመቱ ስለ አፈጻጸሙ ሪፖርት ማድረግ ይጠበቅባቸዋል። ክትትሉ መለካት ያለበት የታደለውን ምድጃ ብዛት ሳይሆን በሥራ ላይ ያለውን ነው፤ የተተከለውን ችግኝ ሳይሆን የጸደቀውን ነው።

የሕዝቡ ተሳትፎ

ማገዶ የሚለቅሙት፣ የሚሸከሙትና በጭስ ውስጥ ቆመው የሚያበስሉት በአብዛኛው ሴቶችና ልጃገረዶች ናቸው። የምድጃው ቁመት፣ የምጣዱ ስፋትና የዋጋው ልክ እነርሱ ሳይጠየቁ ከተወሰነ፣ ዕቃው በአንድ ጥግ ተቀምጦ ጉልቻው መንደዱን ይቀጥላል። በሌላ በኩል እንጨት ተሸክመው በመሸጥ የሚተዳደሩ ሴቶች ስላሉ፣ ሽያጩ ሲከለከል ሌላ መተዳደሪያ አብሮ ካልተዘጋጀ ዕቅዱ ደኑን ለማዳን ሲል ቤተሰብን ለረሀብ ያጋልጣል።

ማጠቃለያ

ከላይ እንደተመለከተው፣ የከተማ የኃይል ዕቅድ ቆጥሮ ይነሣል፤ አደጋውን አስቀድሞ ይመረምራል፤ ከዚያም በሚለካ ተግባር ይገለጻል። ለተፈናቃዮች መቀበያ ወይም ለሠፋሪዎች መኖሪያ ቦታ ሲመረጥ፣ ስለ ውኃው ርቀትና ስለ መሬቱ ለምነት ከሚቀርበው ጥያቄ ጎን ለጎን፣ «ይህ ሕዝብ በምን ያበስላል? ማገዶውስ ለስንት ዓመት ይበቃል?» የሚለው ጥያቄ በጽሑፍ መልስ ማግኘት ይኖርበታል። መልስ ሳያገኝ የታለፈ እንደሆነ፣ ዛሬ ከድርቅ የተረፈው ወገን የሠፈረበትን መሬት አራቁቶ ነገ ዳግመኛ ለመፈናቀል ይገደዳል።