ሹፌሩ ለምን ይለቃል?

ጥያቄ፦ ስድስት ተሳቢ መኪኖች አሉኝ። ደመወዝ ብጨምርም ሹፌሮቼ አይቆዩልኝም። ምን ላድርግ?

መልስ፦ አዲስ አበባና ጅቡቲ በጋላፊ በኩል 900 ኪሎ ሜትር ገደማ ይራራቃሉ። ሹፌሩን ይበልጥ የሚያማርረው ግን ርቀቱ ሳይሆን ቆሞ መጠበቁ ነው። በሐምሌ የጅቡቲ ሙቀት ከ40 ዲግሪ ያልፋል፤ ወደብ ወይም ጉምሩክ ላይ ሰልፍ ሲረዝም፣ በምልልስ ብቻ የሚከፈለው ሰው እያንዳንዱን ቀን ከኪሱ ይከፍላል። ስለዚህ የመጠበቂያ አበል ከደመወዝ ጭማሪው ይቅደም፤ መጠኑም በውሉ ላይ በቁጥር ይስፈር።

ያረጀ ጎማም ሹፌር ያስኮበልላል። አፋር በረሃ ላይ ጎማ ሲፈነዳ ከረዳቱ ጋር ፀሐይ ላይ የሚቀረው እሱ ነው።

ከሁሉ የሚከብደው የደኅንነት ጉዳይ ነው። ሹፌሩ «መንገዱ አያስተማምንም» ብሎ ሲያቆም ባለንብረቱ ያለ ክርክር ይመነው፤ የቆመበትንም ቀን ይክፈለው።